የአያት ጠመንጃ ስንት ያወጣል?

ኅዳር 12 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ። ፕሬዚዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ከተመቱ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። የመማሪያ መጻሕፍት ማከማቻ በነበረው ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ፖሊሶች በካርቶን ክምር መካከል የተሸጎጠ ጠመንጃ አገኙ። ከተገኙት የሕግ አስከባሪዎች አንዱ ቀደም ሲል በስፖርት ዕቃ ንግድ የሠራ፣ መሣሪያ አውቃለሁ የሚል ሰው ነበር። በዓይኑ ገረፍ አድርጎ «7.65 ማውዘር ነው» አለ። ቃሉ በራዲዮና በቴሌቪዥን አገሩን አዳረሰ።

ጠመንጃው ማውዘር አልነበረም። የጣሊያን ካርካኖ ነው። ቱቦው ላይ አገሩ ጣሊያን፣ ካሊበሩ 6.5፣ ዓመቱ 1940፣ ቁጥሩ ሲ 2766 መሆኑ በግልጽ ተመትቶበታል። ጠጋ ብሎ ያነበበ ሁሉ ሊያውቀው ይችል ነበር። የዚያች ቅጽበት ግምት ግን እስከ ዛሬ ድረስ ሴራ ለሚፈልጉ ሰዎች ስንቅ ሆና ቀርታለች።

ሰውየው የተሳሳተው ማንኛውም ጀማሪ በሚሳሳትበት መንገድ ነው፤ ቅርጹን አይቶ ፈረደ። ከ1890ዎቹ (እዚህ ዓ.ም. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ የተሠሩ የእግረኛ ጦር ጠመንጃዎች ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማቾች ይመስላሉ። አብዛኞቹ ረጅም የእንጨት ሰደፍ፣ በእጅ ተጎትቶ የሚከፈት መዝጊያና ከአፈሙዙ ሥር ሳንጃ መሰኪያ አላቸው። ብዙዎቹም የመዝጊያቸውን አሠራር ከጀርመኑ ማውዘር ተውሰዋል። የሚለያቸው ብረቱ ላይ የተመታው ጽሑፍ ነው።

ያ የዳላሱ ካርካኖ በ1955 ዓ.ም. በመጋቢት ከቺካጎ በፖስታ የታዘዘ ነበር። የማነጣጠሪያ መነጽሩን ጨምሮ ዋጋው 19 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነው። በጊዜው ከጦርነት የተረፈ መሣሪያ በአሜሪካ የተትረፈረፈና ርካሽ ነበር። በ1968 የወጣው የጦር መሣሪያ ቁጥጥር ሕግ የፖስታውን ሽያጭም ከውጭ የሚገባውንም የጦር ትርፍ ዘጋ። በ1984 ሕጉ ለአሮጌና ታሪካዊ መሣሪያዎች በር ከፈተ። ከኢትዮጵያ የወጡት ጠመንጃዎች በቅርብ ዓመታት አሜሪካ የገቡት በዚያ በር ነው። ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ የተባለው አስመጪ ከኢትዮጵያ ያመጣውን አሮጌ መሣሪያ ለአሜሪካ ሰብሳቢዎች በብዛት ሸጧል። ካርካኖው፣ ከእሱ የሚቀድመው የጣሊያን ቬተርሊ፣ የፈረንሳዩ ውጅግራ፣ ማውዘሩ፣ የእንግሊዙ ሊ ኢንፊልድ ሁሉ በዚያ ጭነት ውስጥ ነበሩ። ዛሬ ከአዲስ አበባ ሄዶ ቨርጂኒያ የሚኖር ልጅ አያቱ በማይጨው ተሸክመውት ይሆናል የሚለውን ዓይነት ጠመንጃ በገንዘቡ ሊገዛ ይችላል።

የሚገዛውም፣ አገር ቤት ከአያት የወረሰውን የያዘውም ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ይህ ጥያቄ መጨረሻ ላይ መምጣት አለበት ብዬ አምናለሁ። ምን እንደሆነ ያልታወቀ ዕቃ ዋጋ የለውም፤ ያለው ወሬ ብቻ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ደኅንነት ይቀድማል። ግድግዳ ላይ ሃምሳ ዓመት የተሰቀለ ጠመንጃም ጎርሶ ሊሆን ይችላል። አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አዙሮ፣ ጣትን ከቃታው አርቆ መዝጊያውን መክፈት፣ ከዚያ ጥይት መጉረሻውን በዓይን ማየት፣ በጣት መዳሰስ ያስፈልጋል። የፈረንሳዩ ሌበል ደግሞ ስምንት ጥይት ከቱቦው ሥር በእንጨቱ ውስጥ በተደበቀ ሌላ ቱቦ ይይዛል። መጉረሻው ባዶ ሆኖ እዚያ ውስጥ ጥይት ሊቀር ስለሚችል ያንንም ማጣራት የግድ ነው። መዝጊያው ዝጎ አልከፈት ካለ በመዶሻ መታገል አይገባም፤ ለባለሙያ ይተው። የመተኮስ ሐሳብ ጨርሶ ይቆይ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እናየዋለን።

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ሻንቲሊ በምትባል ቦታ በትልቅ አዳራሽ የጦር መሣሪያ ገበያ ይቆማል። ጠረጴዛው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድሯል፤ አዲሱም አሮጌውም፣ ጥይቱም ዝናሩም አለ። አንድ ቀን ወደዚያ ስሄድ አንድ ዘመዴ የሆነ ወጣትና በንጉሡ ዘመን የጦር ግምጃ ቤት ውስጥ የሠሩ አንድ አዛውንት አብረውኝ ነበሩ። ወጣቱ አጭርና ቀለል ያለ ጠመንጃ ፊት ቆመ። ከአፈሙዙ ሥር ታጣፊ ሳንጃ አለው። ሻጩ ያስቀመጠው ካርድ ጠመንጃው ከኢትዮጵያ የመጣና በአድዋ ጦርነት የተማረከ እንደሆነ ይናገራል። ዋጋውም በዚያው ልክ ተሰቅሏል።

«ጋሼ፣ ይሄ የአድዋ ነው እኮ!» አለ ልጁ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«የአድዋ ይሁን የማይጨው ብረቱ ይንገርህ» አሉት አዛውንቱ። «መጀመሪያ ግን አፈሙዙን ከሰውየው ላይ አንሳ።»

ልጁ ሻጩን አስፈቅዶ መዝጊያውን ከፈተ፣ ባዶ መሆኑን አየ፣ ከዚያ የስልኩን መብራት ከቱቦው ጎን ያዘ። ቱቦው ከመዝጊያው ጋር ከሚጋጠምበት ስፍራ ላይ የፋብሪካው ስም «ኤፍ ኤን ኤ ብሬሺያ» ተመትቷል። አጠገቡ 1936 የሚል ዓመት አለ፤ ከዓመቱ ቀጥሎ ደግሞ በሮማውያን ቁጥር አሥራ አራት።

ይህ የሮማውያን ቁጥር የሙሶሊኒ መንግሥት የራሱን ዘመን የቆጠረበት ነው። ቆጠራው የሚጀምረው ፋሺስቶች ሮምን ከተቆጣጠሩበት ከጥቅምት 1922 ሲሆን፣ አሥራ አራተኛው ዓመት ከጥቅምት 1935 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1936 ድረስ ያለው ነው። ማለትም ያ ጠመንጃ የተሠራው የጣሊያን ጦር ኢትዮጵያን በወረረበትና አዲስ አበባ በገባበት ዓመት ነው። አድዋ ከተዋጋን አርባ ዓመት ያህል አልፎ ነበር። ሌላም ማስረጃ አለ። በአድዋ የነበረው የጣሊያን ወታደር በብዛት የያዘው ካርካኖ ሳይሆን ከእሱ የሚቀድመውን ቬተርሊ ነው፤ በ10.4 ሚሊ ሜትር ወፍራም ጥይት የሚሠራውን።

«ታዲያ ጋሼ፣ ዋጋ የለውም ማለት ነዋ?»

«ማን አለ? የአምስቱ ዓመት ብረት ነው» አሉ አዛውንቱ። «በእኛ ላይ የመጣ፣ እኛም ዘንድ የቀረ። የአምስቱ ዓመት ዋጋ ክፈልበት እንጂ የአድዋ አትክፈል።»

የአሮጌ ጠመንጃ ሥራ በአብዛኛው ይኸው ነው። የሚነበበው ነገር ያለበት ቦታ እንደየአገሩ ይለያያል። የእንግሊዙ ሊ ኢንፊልድ መዝጊያው ወደ ታች ከሚታጠፍበት ጎን፣ ከሰደፉ አንገት በላይ ባለው ብረት ላይ ዘውድ፣ የንጉሡ ስም ምሕፃር፣ የፋብሪካው ስም፣ ዓመቱና የሞዴሉ ዓይነት ከላይ ወደ ታች ተደርድረው ይገኛሉ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት ከእንግሊዝ ጋር የገባው ይህ ዓይነት ነው። የጀርመኑ ካር 98 ኬ ከመጉረሻው በላይ ባለው ክብ ብረት ላይ ዓመቱንና የፋብሪካውን ምሥጢራዊ ምልክት ይዟል። «ቢ ዋይ ኤፍ» ከሆነ የማውዘር ኦበርንዶርፍ ፋብሪካ ነው፤ «ቢ ኤን ዜድ» ከሆነ የኦስትሪያው ሽታየር፤ «ዲ ኦ ቲ» ከሆነ የቼኩ ብርኖ። የኦስትሪያው ማንሊኸር በዚያው ክብ ብረት ላይ «ሽታየር ኤም 95» ወይም «ቡዳፔስት ኤም 95» ይላል። መዝጊያውም ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ ስለሚሳብ ዓይኑ የለመደ ሰው ጽሑፉን ሳያይም ይለየዋል።

እዚህ ላይ ጀማሪን በጣም የሚያስተው ነገር አለ። የተመታው ዓመት ሁሉ የተሠራበት ዓመት አይደለም። ውጅግራ የምንለው የፈረንሳይ ጠመንጃ በግራ ጎኑ «ሞዴል 1874» ይላል። ይህ ሞዴሉ የጸደቀበት ዓመት ነው። ያንተ ጠመንጃ የተሠራው ከዚያ ዘግይቶ ሊሆን ይችላል፤ ያ ዓመት ደግሞ ቱቦው ላይ ለብቻው ይገኛል። ሌበልም «1886» ይላል፤ ግን በሰላሳ ዓመት ዘግይቶ ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ካርካኖም ቢሆን ሞዴሉ 1891 ሆኖ እየተሠራ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደርሷል። ልዩነቱ የታሪክ ብቻ ሳይሆን የሕግም ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ እስከ 1898 መጨረሻ ድረስ የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ዕቃ ስለሆነ እንደ ጦር መሣሪያ አይቆጠርም፤ ከዚያ ወዲህ የተሠራው ግን ይቆጠራል። ሞዴል 1891 የሚለውን ይዞ 1936 የተሠራውን ካርካኖ ጥንታዊ ነው ብሎ የሚሸጥም የሚገዛም ሰው ችግር ላይ ይወድቃል። ግዛቶች ደግሞ የየራሳቸው ጥብቅ ሕግ አላቸው።

የአገር ቤቱ ስም መነሻ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ምንሽር የሚባለው እንደ ሰፈሩና እንደ ባለቤቱ የተለያየ ጠመንጃ ሆኖ ይገኛል። ቤልጅግ ግን ብዙ ጊዜ በትክክል የቤልጅግ ማውዘር ነው። ጎኑ ላይ የሄርስታል ፋብሪካ ስም አለ። ለኢትዮጵያ መንግሥት ተብሎ የተሠራ ከሆነ ደግሞ መጉረሻው ላይ የይሁዳ አንበሳ ይታያል። ይህንን ምልክት ያየ ሰው ትንፋሹን ይሰብስብ፤ ለኢትዮጵያ ታሪክም ለገበያም ትልቅ ነገር ነው።

ስለ ዋጋ ሲነሳ የማስታውሰው የምኒልክን ግቢ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ሬምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ በ1885 መጨረሻ ከታጁራ ለቤተሰቡ ደብዳቤ ይጽፋል። ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚወስዳቸው ጠመንጃዎች በአውሮፓ ጦር ከአርባ ዓመት በፊት የተጣሉ፣ ሊዬዥ ባሉ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ አንዱ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ የሚገኝ ነው፤ ሸዋ ሲደርስ ግን እስከ 40 ፍራንክ ይሸጣል ይላል። ከ2,000 በላይ ጠመንጃ ጭኖ የአፋርን በረሃ አቋርጦ በ1887 መጀመሪያ አንኮበር ገባ። ምኒልክ ግን ሐረርን በያዙ ማግስት ነበሩና ይህ ዓይነቱ ጭነት አላጓጓቸውም። ለጠመንጃውና አብሮት ለመጣው 60,000 የሬሚንግተን ጥይት በአንድ ላይ 14,000 ብር ቆረጡለት፤ ክፍያውንም በሐረር ደጃዝማች (ኋላ ራስ) መኰንን እንዲሰጡት አዘዙ። ጥይቱን ሳንቆጥር እንኳ አንዱ ጠመንጃ ከሰባት ብር በታች መሆኑ ነው። ሬምቦ እያማረረ ተመለሰ። ንጉሡ ግን ያዩት የሚያስፈልጋቸውን ነው፤ ጥይት እየጎረሰ ፈጥኖ ከሚተኩሰው አጠገብ ያ በቆርቆሮ ቆብ የሚለኮስ አሮጌ ጠመንጃ ምን ያህል ይረባል? ሬምቦ የሚጠቀሰውን ዋጋ ሳይሆን በዕለቱ የሚከፈለውን ዋጋ አገኘ።

የዛሬው ገበያም እንደዚያው ነው። ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ስለ ጠመንጃው ምንም አይናገርም። በጨረታ የተሸጠበትን፣ የተዘጋውን ዋጋ ማየት ያስፈልጋል፤ በዚያም ላይ ጨረታ ቤቱ ገዢውን የሚያስከፍለውን ኮሚሽን መደመር። አንድ ዓይነት፣ አንድ ዓመትና አንድ ደረጃ ያላቸውን ብቻ ማነጻጸር ይገባል። የአሜሪካ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ለሁኔታው ደረጃ ያወጣ ሲሆን፣ ሰብሳቢዎች «በጣም ጥሩ»፣ «ጥሩ»፣ «ደካማ» የሚሉት በግምት ሳይሆን በዚያ መለኪያ ነው።

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ቁጥር ነው። ብዙ የጦር ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ ተመሳሳይ ቁጥር መዝጊያው ላይ፣ ቱቦው ላይ፣ አንዳንዴም ሰደፉና ትናንሽ ዕቃዎቹ ላይ ይመታል። ሁሉም ሲመሳሰል ጠመንጃው ሳይበታተን የኖረ ነው፤ ዋጋው ከፍ ይላል። ያልተመሳሰለ መዝጊያ ያለው ግን የሌላ ጠመንጃ ዕቃ ተሰክቶበታል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ለሚተኩስ ሰው የደኅንነት ጥያቄ ነው። ቁጥሩን አጥፍተው እንደገና የሚመቱም አሉ። የአሃዞቹ ቅርጽና የመስመራቸው አቀማመጥ ከሌሎቹ ጋር ሲነጻጸር ይህ ዓይነቱ ማጭበርበር ብዙ ጊዜ ይጋለጣል።

ቀጥሎ የቱቦው ውስጥ ነው። መዝጊያው ሲወጣ ነጭ ወረቀት በአንዱ ጫፍ አድርጎ በሌላው መመልከት ይቻላል። ጠመዝማዛው ቦይ ጥርት ብሎ ከታየ መልካም፤ ጥቁርና ቀዳዳ ቀዳዳ ከሆነ የዛገ ነው። በዚያ ዘመን የነበሩት የጥይት ማቀጣጠያዎች ጨው የሚያስቀሩ ነበሩና ከተኩስ በኋላ ካልታጠቡ ብረቱን ይበሉታል። ከአፈሙዙ በኩል ዘንግ እየተሳበ የተጠረገ ጠመንጃ ደግሞ አፉ ይፈጋል፤ የጥይቱም አቅጣጫ ይበላሻል። ጠመንጃውን ለአደን አመቺ ለማድረግ ሰደፉን የቆረጡ አሜሪካውያን በ1950ዎቹና 60ዎቹ ብዙ ናቸው። ያ እንጨት አንዴ ከተቆረጠ በኋላ አይመለስም፤ ሰብሳቢም አይፈልገውም።

በመጨረሻ የአስመጪው ምልክት አለ። ከ1968 ሕግ ወዲህ ወደ አሜሪካ የገባ መሣሪያ የአስመጪውን ስምና ከተማ ብረቱ ላይ መያዝ አለበት። ሰብሳቢ ይህንን ጽሑፍ አይወደውም፤ ትንሽ ዋጋ ይቀንሳል። እኔ ግን ከኢትዮጵያ ለወጣ ጠመንጃ ይህ ምልክት መጥፎ ነገር አይደለም እላለሁ፤ ከየት እንደመጣ የሚመሰክር ሌላ ጽሑፍ ነውና። ሃምሳ ዓመት የሞላውን ዓይነት ለመሰብሰብ የሚፈልግ የአሜሪካ ነዋሪ ለሦስት ዓመት የሚያገለግለውን ልዩ የሰብሳቢ ፈቃድ በ30 ዶላር ማመልከት ይችላል።

መተኮስን ስለከለከልኩበት ምክንያት አንድ ምሳሌ ልስጥ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን ጠመንጃ ስላጠራት የቬተርሊውን ወፍራም ቱቦ በውስጡ ሌላ ቀጭን ቱቦ እያስገባች ለ6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት አዋለችው። ያ መዝጊያ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ቀላል ግፊት ነው። አዲሱ ጥይት ይገባበታል፣ ይገጥማል፤ ግን ብረቱ የሚሸከመው አይደለም። ውጅግራም የጥቁር ባሩድ ጠመንጃ ነው። ጥይት ገጠመ ማለት ተፈቀደ ማለት አይደለም፤ የመጉረሻውን ልክና የመዝጊያውን ጥንካሬ የመሣሪያ ባለሙያ መለካት አለበት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የወዳጆች ሥራ ነው። የአያታቸውን ጠመንጃ ያገኙ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን በአሸዋ ወረቀት እንጨቱን ይፈትጉታል፣ ብረቱን ያሹታል፣ ቀለም ይቀቡታል። ያ ቡናማ ሽፋን ለመቶ ዓመት የተገነባ ነው፤ በአንድ ከሰዓት ይጠፋል፤ አብረውት ፊደሎቹም ይጠፋሉ። ከኢትዮጵያ የወጡ ጠመንጃዎች ሰደፋቸው በጠፍር የታሰረ፣ በቆርቆሮ የተለበጠ፣ በሽቦ የተጠመጠመ ሆኖ ይገኛል። ነጋዴ ይህንን እንደ ጉዳት ቆጥሮ ዋጋ ይቀንሳል። ለኔ ግን ጠመንጃው ከፋብሪካው ወጥቶ በማን እጅ እንደኖረ የሚናገር ብቸኛ ምስክር እሱ ነው፤ ፋብሪካው የማያውቀውን የጥገና ጥበብ የሠራው የኛ ሰው ነው። ጥቂት ዘይት በጨርቅ አድርጎ ዝገቱን ማቆም ብቻ ይበቃል።

አገር ቤት ያለው ባለቤት ደግሞ ሌላ ግዴታ አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል፤ የአርበኛ ልጅነት ፈቃድ አይሆንም። የቅርስ ሕጉም ታሪካዊ ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዲወጣ አይፈቅድም። ስለዚህ አሮጌ ውርስ ያለው ሰው ከደላላ በፊት ከሕጉ ጋር መነጋገር አለበት።

ታሪኩም በጽሑፍ ይቀመጥ። «የአያቴ ነው» የሚል ቃል ብቻ በገበያ ላይ ዋጋ አይጨምርም፤ ሐሰተኞች ሁሉ የሚሉት እሱን ነውና። ማን ተሸከመው፣ የት ተዋጋበት፣ እንዴት አገኘው፣ ማን ወረሰው የሚለው ጥያቄ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ተጠይቆ ይጻፍ። አያት ጠመንጃውን ይዘው የተነሱት ፎቶ ካለ ከጽሑፉ ጋር ይያያዝ። ቁጥሩ፣ ፋብሪካው፣ ዓመቱ፣ ሁሉም ምልክት አንድ በአንድ ፎቶ ይነሳ። ፎቶ ሲነሳ መብራቱ ከጎን ይሁን፤ ከፊት ሲበራበት የተመታው ፊደል አይታይም።